ያንን «እሺ» መልሼ ወስጄዋለሁ

ውድ ባለቤቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ባለፈው በስልክ ያልኩህን «እሺ» መልሼ ለመውሰድ ነው። ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። አንተ «ከዛሬ ጀምሮ ሩጫ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አልክ፤ እኔ «እሺ» አልኩ፤ ወዲያው ትንሹ ልጅህ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ስለተነቀለው ጥርሱ ያወራህ ጀመር። ነገሩ በዚያው አለቀ። ለአንተ አለቀ ማለቴ ነው። እኔ ግን ያቺን ቃል ጉሮሮ ላይ እንደቀረ አጥንት ይዣት ከርሜያለሁ።

ለምን አልደወልሽልኝም ትል ይሆናል። በስልክ አንተ ትቀድመኛለህ። እኔ ነገሬን ሳልጨርስ አንተ መልሱን ታገኘዋለህ፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ደግሞ «ተግባብተናል አይደል?» ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ላይ ግን የምቀድመው እኔ ነኝ። ጨርሰህ ሳታነብ መልስ መስጠት አትችልም። ስለዚህ ከኤክስካቫተርህ ላይ ውረድ፣ እጅህን ታጠብ፣ ጥላ ፈልገህ ቁጭ በልና አንብበው። ድልድያችሁ ለአንድ ከሰዓት ቢዘገይ ወንዙ አይቀየምህም።

የሆነውን ከእናትህ ሰምተሃል። እናትህ ዕድሜያቸውን በሙሉ በስልክ ኦፕሬተርነት የኖሩ ሰው ስለሆኑ ወሬ ሲያቀብሉ አሳጥረው ነው። «ሚስትህ ሥራ ቦታ ወደቀች። ሩጫው ነው።» የመጀመሪያው እውነት ነው። የምከራከረው ሁለተኛውን ነው።

መጀመሪያ ሩጫው ምኔ እንደሆነ ልንገርህ፤ ጠይቀኸኝ አታውቅምና። ጎረቤታችን ነርሷ «ነይ እስቲ እስከ ውኃ ታንከሩ ድረስ» ብላ ጎትታ ያወጣችኝ ዕለት ግማሽ መንገድ ላይ ዘጭ ብዬ «እዚሁ ቅበሪኝ» ብያታለሁ። በማግስቱም ግን ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገብቶኛል። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጠራኝ የሆነ ነገር ሲፈልግ ነው። ልጆቹ «እማዬ!» ካሉ ካልሲ ጠፍቷል። የስፌት ቤቱ ባለቤት ማዳም «የኔ ቆንጆ» ካለች ሥራ ተጨምሯል። ንጋት ላይ መንገዱ ላይ ስሆን ግን ማንም ምንም አይፈልግብኝም። እግሬ አለ፣ ትንፋሼ አለ፣ ነርሷ ከጎኔ ስለ ተረኛ ሐኪሞቿ እያማች ትሮጣለች። ደስ ይለኛል። ሌላ ትልቅ ምክንያት ፈልጌ ነበር፣ አጣሁ። ደስ ስለሚለኝ ነው የምሮጠው።

አንተም ይህን የተረዳህ መስሎኝ ነበር። ያንን ሰማያዊ የመሮጫ ጫማ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። ቁጥሬን ሳትጠይቅ ልኬን ይዘህ መጣህ፤ እኔ በልኬት እንጀራዬን የምበላ ሴት እንኳ ተገርሜያለሁ። «አንቺ ሩጪ፣ እኔ በማሽኔ ከኋላሽ እደርሳለሁ» ብለህ አሳቅከን፤ ግማሽ ማራቶን ላይ እንድመዘገብ ልብ የሰጠኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራ ቦታዬ ላስገባህ። ከውጭ እንጂ ከውስጥ አታውቀውም፤ ማዳም ግሪስ የነካ ሰው ደጃፏን ካለፈ ራሷን የምትስት ናት። የምንሰፋው ቬሎ ነው። ሳቲኑ ነጭ፣ ዳንቴሉ ነጭ፣ ክሩ ነጭ። እዚያ ክፍል ውስጥ ምግብ የሚባል ነገር አይገባም። ውኃ እንኳ የሚጠጣው በር ላይ ነው። አንዲት ጠብታ ዘይት ስንት የሰው ልፋት እንደምታበላሽ ስለማውቅ ሕጉን አልቃወምም፤ እንዲያውም አዲስ ለሚቀጠሩት የምናገረው እኔ ነኝ። ችግሩ ምሳ ለመብላት ሽርጥ ማውለቅ፣ ደረጃውን እስከ ምድር ቤት መውረድ፣ ግቢው ውስጥ ባለችው አግዳሚ ላይ መብላት፣ እጅን እስከ ክርን በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ ያንን ደረጃ መልሶ መውጣት ነው። የተዘረጋ ሳቲን ጥዬ ያን ሁሉ ከምንከራተት «ይቺን ልጨርስና» እላለሁ። ይቺን ስጨርስ ያቺ ትመጣለች። ዋና ቆራጭ መሆን እንዲህ ነው፤ እኔ ካልቆረጥኩ ሰፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ምሳ ዕቃዬ ጠዋት ሞልቶ እንደወጣ ማታ ሞልቶ ይገባል።

ማታ ደግሞ ታውቀዋለህ። ልጆቹን አበላለሁ፣ ከሁለቱ ሳህን የተረፈውን ማጠቢያው ጋ ቆሜ እለቃቅማለሁ፣ የቤት ሥራ አያለሁ፣ ደንበኛ ስትደውል አዋራለሁ። ሲነጋ በባዶ ሆዴ ወደ መንገድ። ደፋ ቀና ስል መራቤን ራሱ ረሳሁት። የሚገርምህ ደግሞ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሰውነቴ ሲቀል ዳገቱም ቀለለኝ። ነርሷ ከኋላዬ እያለከለከች «ምን በልተሽ ነው እንዲህ የምትፈተለኪው?» ስትለኝ እየሳቅኩ እጨምርባት ነበር።

ቀጥሎ ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ልንገርህ። ሌላ ሰው ሲከሳ ልብሱ ይነግረዋል። ሱሪው ይወርዳል፣ ቀሚሱ ይዞራል፣ ያየው ሁሉ «ምነው?» ይለዋል። የኔ ልብስ ግን ሊነግረኝ ሲል አፉን ሰፋሁት። የሥራ ጉርድ ቀሚሴ ወገቡ ላይ ሲላላ «ይሄ ጨርቅ ተለጠጠ» ብዬ ከውስጥ በኩል አንድ መስመር አሳለፍኩበትና አጠበብኩት። ሰነበተና እንደገና ላላ። ሌላ መስመር። ከዚያ ሌላ። አስቤበት እንኳ አይደለም፤ መኪናው አጠገቤ ነው፣ እጄ ለምዶታል፣ ሰው ጆሮ ግንዱን እንደሚያክከው ያህል ነው። ልብሴ ሁልጊዜ ልኬ ስለነበር መክሳቴን ማንም አላየም፤ እኔም ጭምር።

አንተ ብቻ ነህ ያወቅኸው። ለእረፍት መጥተህ ገና በር ላይ እንደቆምክ ወገቤን በሁለት እጅህ ያዝከኝና «ወዴት ሄድሽ?» አልከኝ። ትዝ ይልሃል? እኔም «እዚሁ ነኝ» ብዬ ሳቅኩና ሻንጣህን ተቀበልኩህ። ስለ መንገዱ ጠየቅኩህ። ቀልድ ሆኖ አለፈ።

የወደቅኩ ዕለት አንዲት ሙሽራ ለመጨረሻ ልኬት መጥታ ነበር። መቆሚያዋ ላይ ወጥታለች፤ እኔ ተንበርክኬ የቬሎውን ጠርዝ በስፒል እይዛለሁ። ጠዋት ረጅሙን ሩጫ ሮጬ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ አንድ ስኒ ሻይ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ብድግ ስል ክፍሉ ነጭ ሆነ። ድሮም ነጭ ነው፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነጭ ነበር። ስወድቅ እጄን ወደ ኋላዬ ሰብስቤ ነው አሉ፣ ስፒሉ ጨርቁን እንዳይጭረው። ሙሽራዋ ጮኸች። ማዳም እየሮጠች መጥታ መጀመሪያ የጠየቀችው «ነካው እንዴ?» ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ጫማዬን አውልቃ እግሬን ከፍ አድርጋ የያዘችውም እሷ ናት፤ አልቅሳለችም ይላሉ። ይህን የጻፍኩልህ ስለማትወዳት ነው። የስኳር ውኃውን ግን እንዲያም ሆኜ በር ላይ ተቀምጬ ነው የጠጣሁት። ሕግ ሕግ ነው።

እዚያ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ ካውያ መጡ። ልብስ የሚተኩሱልን ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸውን ረስተን ሁላችንም በዕቃቸው ነው የምንጠራቸው። የኛንም የሥራ ልብስ በየቅዳሜው የሚተኩሱት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋን የሥራ ቀሚሴን ይዘው መጡና ገልብጠው ጭኔ ላይ ዘረጓት። ወገቧ ላይ መስመሮቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

«ስፌቱ የማን ነው?» አሉኝ።

«የኔ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ ቀጥ አርጎ አይሰፋም።» በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ይቆጥሩልኝ ጀመር። «ይቺ ዝናቡ ሳይወጣ የሰፋሻት ናት። ይቺ ብርዱ ሲገባ። ይቺን ያለፈው ቅዳሜ ነው ያየኋት። እኔ ስተኩሳት ወገቧ ይወፍርብኛል፣ አንቺ ደሞ ትቀጥኛለሽ። ልናገር ልናገር እልና የሰው ሚስት ወገብ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው ልጄ።»

ሥራዬን አየሁት፤ እንዴት ያለ የሚያምር ስፌት መሰለህ! ከዚያ በሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸውም ቀሚሷን አጣጥፈው አጠገቤ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ እንጂ አትልቅሺ አላሉኝም።

በማግስቱ ነርሷ እጄን ይዛ ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ደሜን አስመርምራ፣ ማነሱን ነግራኝ፣ የቀን ውሎዬን ጠየቀችኝ። ስለ ሩጫው ስነግራት ጻፈች፤ ስለ ሥራው ስነግራት ጻፈች። ከዚያ «እሺ፣ የምትበዪውስ መቼ ነው?» አለችኝ። «ጠዋት ሻይ፣ ማታ ከልጆቹ ሳህን የተረፈውን» አልኳት። እሷም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የጣለሽ ሩጫው አይደለም» አለችኝ። «ለሚሮጥ ሰው የሚሆን ምግብ አለመብላትሽ ነው። አሁን እረፊ። ብዪ። ኪኒኑን ውሰጂ። ደምሽ ሲስተካከል ቀስ ብለሽ ትጀምሪያለሽ።»

በስልክ ልነግርህ የነበረው ይህንን ነው። አንተ ግን «ሐኪሟ» እስከምትለው ቃል ድረስ ነው የሰማኸኝ። ኮስተር ብዬ ልጠይቅህ እስቲ። ጠዋት ጠዋት ማሽንህን ከማስነሳትህ በፊት ዘይቱን ታያለህ አይደል? እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ሰምቼሃለሁ፣ ዘይት ሳያይ የሚያስነሳውን ሰው ስትረግም። ዘይቱ ጎድሎ ስታገኘው ምን ታደርጋለህ? ትጨምርበታለህ ወይስ «ከዛሬ ጀምሮ ቁፋሮ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» ትላለህ?

አዝኜብህ ነበር። በሆዴ ይዤው ከምኖር ልንገርህ። የፈራህልኝ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ፍርሃትህን ወደ ትእዛዝ ቀየርከው፣ እኔም ትእዛዙን ተቀበልኩ። ለምን ተቀበልሽ በለኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ልጆቹ አፌን እያዩ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሺ ማለት ለምዶብኛል። ለማዳም እሺ፣ ለደንበኛ እሺ፣ ለልጆቹ መምህር እሺ። ምሳዬንም የበላብኝ ይኸው እሺ ነው።

ስልኩ እንደተዘጋ ጫማዬን አንሥቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ልወረውረው ስል እናትህ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ሊያስታምሙኝ መጥተው ነበር።

«ምን እያረግሽ ነው?»

«ልጅዎ አቁሚ ብሎኛል።»

«አንቺስ?»

«እሺ አልኩት።»

ወገባቸውን ይዘው ትንሽ አዩኝ። «እኔ የነገርኩት እንዲመክርሽ ነው እንጂ መች እንዲያዝሽ አልኩ? እኔ አባቱን እሺ ያልኩትን ብሰበስበው ያ ቁም ሳጥን አይበቃውም። ውረጂ ከዛ ላይ፣ ደሞ ትወድቂና ይሄም ሩጫው ነው ይባላል።»

ወረድኩ። ጫማውን ከእጄ ወስደው አቧራውን በሻርፓቸው ጠረጉትና አልጋው ሥር ቦታው ላይ አደረጉት።

«ግን አንድ ነገር» አሉ። «ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። ቆመሽ ስትበዪ ካየሁሽ ራሴ ነኝ አውጥቼ የምጥለው።»

እናትህ ሲናገሩ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ መስመር ላይ ያለን ሰው የሚያዙ ይመስላሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ከመሄዳቸው በፊት ግን እፊቴ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እንቁላሉንና ዳቦውን ጨርሼ ወተቱን እስክጠጣ ያዩኛል። ትንሹ ልጅህ በሳቅ ይሞታል። «እማዬም እንደኛ ጨርሺ ትባላለች!» ይላል። ማታም ሳህኖቹ ሲደረደሩ የኔ አብሮ ይሞላል፤ የልጆች ትራፊ መልቀም ቀርቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ትልቁን ድስት ጥደን ምስሩን በብዛት እንቀቅላለን፣ ድንቹንና አትክልቱን አዘጋጅተን በየዕቃው እናስቀምጣለን፣ ሳምንቱ ሲጣደፍ እሱን እያሞቁ መብላት ነው። ምሳ ዕቃዬን የምትሞላው ትልቋ ልጅህ ናት። አንዳንዴ ከላዩ ሙዝ ታስቀምጥና «ይሄን ካልበላሽ ለአያቴ ነው የምናገረው» ትለኛለች። በዘር ነው መሰለኝ።

የቸገረን የሥራ ቦታው ምሳ ነበር። ሳቲኑ ያው ሳቲን ነው፣ ደረጃው ያው ደረጃ ነው፣ እኔም ያው እኔ ነኝ፤ «ይቺን ልጨርስና» ማለቴን አልተውኩም። አንድ ቀን ታዲያ ልክ በስድስት ሰዓት መብራት ድርግም አለ። መኪኖቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። ማዳም «ኤጭ!» አለች። ጋሽ ካውያ ካውያቸውን ቀስ ብለው አቁመው «እስኪመጣ እንብላ እንጂ» አሉ። ምን ሥራ አለን? ወርደን በላን። ጋሽ ካውያ ቀድመውን ወጡ፤ ታጥበን ስንመለስ መብራቱ መጥቷል። በማግስቱም ልክ በስድስት ሰዓት ድርግም። በሦስተኛው ቀን ማዳም የመብራት ኃይል ሰዎችን ልትቆጣ ስልኳን ይዛ መስኮት ጋ ስትሄድ፣ ከታች ያለው ፎቶ ቤት መብራቱን ቦግ አድርጎ ይሠራል። ዞር ብላ አየች። ዋናው ማጥፊያ ያለው ከጋሽ ካውያ መተኮሻ ጠረጴዛ ጀርባ ነው። ጉድ ፈላ።

«ጋሽ ካውያ! እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሥራ እኮ እያስቆሙብኝ ነው!»

«ቆራጭሽ ዳግመኛ ከምትወድቅብሽ መብራቱ ይጥፋ» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ።

ማዳም ፊቷን አጥቁራ ገባች። ሊባረሩ ነው ብለን ፈራን። ግን ማዳም ሥራ የምታውቅ ሴት ናት፤ በዚያ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ከቆረጥኩት ውስጥ አንድም እንደገና ይስተካከል ተብሎ አልተመለሰም። ድሮ የከሰዓቱ መቀሴ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። በሌላው ሰኞ ስንመጣ ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ሲያልቅ ባለችው ሰፋ ያለች ቦታ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና ተቀምጧል። አሁን ማጥፊያውን መንካት አላስፈለገም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ካውያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ማጥፊያው አየት ያደርጋሉ፣ ሁላችንም ብድግ እንላለን። ማዳምም አብራን ትበላለች። ለካስ እሷም ምሳ በልታ አታውቅም ነበር።

ሐኪሟ ፈቅዳልኝ ወደ መንገዱ ስመለስ ሩጫዬን ቀንሼ፣ ሙዝ ወይም ማር የተቀባ ዳቦ ቀምሼ እየወጣሁ፣ ቀስ በቀስ ወደ ረጅሙ መጣሁ። ቀሚሷ ወገቤን ስታጠብቀኝ ደግሞ ስፌቱን ከመጨረሻው መስመር ጀምሬ እተረትራለሁ። አንድ መስመር በተረተርኩ ቁጥር ለጋሽ ካውያ አሳያቸዋለሁ። ጣታቸውን ያሳልፉበትና «መንገድ ጀመርሽ» ይሉኛል።

ያለፈው ቅዳሜ ታዲያ እውነተኛው ፈተና መጣ። የተመዘገብኩበት ግማሽ ማራቶን እሁድ ጠዋት ነው። ሥራ ልንጨርስ ስንል አንዲት ሙሽራ የእጅጌው ዳንቴል ይቀየርልኝ ብላ ደወለች። ማዳም መጥታ ትከሻዬን ዳሰስ አደረገችኝ።

«የኔ ቆንጆ፣ ነገ ጠዋት ብቻ ብቅ በይልኝ።»

አፌ ለእሺ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ነበር። ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቆሙ። ጋሽ ካውያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሆን።

«ጠዋት እሮጣለሁ» አልኳት። «ከዛ ምሳዬን እበላለሁ። ከሰዓት መጥቼ ዳንቴሉን እሠራልሻለሁ፣ ሳይመሽ ይደርሳል።»

አየችኝ። ወደ ቬሎው አየች። እንደገና አየችኝ።

«እሺ» አለች። ማዳም ናት ያለችው።

አዎ፣ ሮጥኩ። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ያስነበብኩህ። ያንተ ሰማያዊ ጫማ ነው ያደረግኩት። ከሩጫው ሰዓት ቀደም ብዬ ቁርሴን በላሁ፤ እናትህ እፊቴ ናቸው። መነሻው ላይ ሰው ሰውን ይጋፋል፣ ነርሷ ከጎኔ ሆና ትጸልያለች፣ እኔ ግን ፍርሃት አልነበረብኝም። ረጋ ብዬ ጀመርኩ። ሩቅ ስሮጥ ድሮ የሚመጣብኝ ነገር ነበር፤ መንገዱ ሊገባደድ ሲል ከውስጤ የሆነ ነገር ተሟጥጦ ያልቅና እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል። ያ ሲመጣ ጥርሴን ነክሼ እጎትተው ነበር። አሁንም ጠበቅኩት። የመኪና ማቆሚያውን አለፍኩ፣ ጠበቅኩት። ትልቁን አደባባይ ዞርኩ፣ ጠበቅኩት። አልመጣም። እግሬ የኔው እግር ነበር። መንገድ ላይ እየሮጥኩ ሳቅኩ፤ ያየኝ ሰው አብዳለች ሳይል አይቀርም።

የመጨረሻው ዳገት ሥር እናትህና ልጆችህ ቆመዋል። ትልቋ በእግረኛው መንገድ አብራኝ ትሮጥ ጀመር፣ ትንሹ ያለ ጥርሱ ይጮኻል፣ እናትህ ደግሞ የውኃ ጠርሙስና የተላጠ ሙዝ ይዘው መንገዱ ዳር ድረስ ገቡ። ሙዙን ሳልቆም ከእጃቸው ስነጥቅ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ያንን የኦፕሬተር ድምፃቸውን አውጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ቁጭ ብለሽ!»

ዳገቱን ሙዜን እየበላሁ ወጣሁት። ስንተኛ እንደወጣሁ አልነግርህም፤ ከፊቴ ብዙ ሰው ነበር፣ ከኋላዬም ብዙ ሰው ነበር። ከኋላዬ ከነበሩት አንዷ ነርሷ ናት፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ደብዳቤው ሙሉ አይሆንልኝም። መጨረሻው ላይ ሳሩ ላይ ተዘርራ «ምን በልተሽ ነው?» አለችኝ። ድሮ ይህንኑ ስትጠይቀኝ ስቄ ነበር ያለፍኳት። አሁን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከእንቁላሉ እስከ ምስሩ ዘረዘርኩላት። ከዚያ ቤት ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ምሳዬን በልቼ፣ እንዳልኩት ዳንቴሉን ሠራሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ፈቃድ እየጠየቅኩህ አይደለም። ግን ደግሞ ይህ ሁሉ ያለ አንተ እንዲሆን አልፈልግም። ይህን ደብዳቤ የሠራተኞቻችሁ አውቶቡስ ሹፌር ያደርስሃል፤ ተናድደህ ከሆነ ተናደድ፣ ግን ከበላህ በኋላ ይሁን። በነገራችን ላይ አንተም ደረቅ ዳቦህን ማሽንህ ላይ እንደተቀመጥክ እንደምትጎርስ ሰምቻለሁ፤ ነገር አቀባዬን አልነግርህም፣ ግን የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ለእረፍት ስትመጣ ጠዋቱ ያንተ ነው። ልጆቹን ታደርሳለህ፣ እንቁላሉን ትጠብሳለህ፣ ስመለስ ሁለታችንም ቁጭ ብለን እንበላለን። እናትህ ያን ሳምንት ይረፉ። የሚያርፉ ከሆነ።

ትወደኛለህ፤ አውቃለሁ። የፈራኸውም እንዳታጣኝ ነው። እኔም አንተን ስወድ ኖሬያለሁ፣ አሁን ግን በሞላ ሆድ ነው የምወድህ፣ ይሄኛው ይሻላል።

ቀሚሷ ላይ የቀረች አንዲት መስመር የለችም። እንዳትለካኝ ሜትር አታምጣ። እንደ በፊቱ በር ላይ ቁም፣ ሻንጣህን መሬት አስቀምጥ፣ ወገቤን በሁለት እጅህ ያዘኝና ያንን ጥያቄህን ደግመህ ጠይቀኝ። ያኔ የመለስኩልህ ሳላውቀው ውሸት ነበር። አሁን ግን እውነቴን ነው፤

እዚሁ ነኝ።

ያንተው ሯጭ